እርጎና የስኳር ሕመም፦ የማስረጃው ልክ

ፕሮባዮቲክስ የተባሉት ጠቃሚ ሕያዋን ባክቴሪያዎች የደም ስኳርን ይቀንሳሉ የሚለው ሐሳብ በሕክምና ጽሑፎች በሰፊው ይነሣል። እንደ ደሴና ኮምቦልቻ እርጎ የተለመደ ምግብ በሆነባቸው ከተሞች ይህ ሐሳብ «እርጎ ለስኳር መድኃኒት ነው» ወደሚል ምክር በቀላሉ ሊለወጥ ይችላል። ስለሆነም ማስረጃውን መመርመር ይገባል።

ዘወትር ከሚጠቀሱት ጥናቶች አንዱ እ.ኤ.አ. በ2012 በኢራን ተመራማሪዎች የታተመው ነው። ዓይነት 2 የስኳር ሕመም ያለባቸው 64 ሰዎች በዕጣ ለሁለት ተከፍለው ለ6 ሳምንታት በቀን 300 ግራም እርጎ ተመገቡ። ላክቶባሲለስ አሲዶፊለስና ቢፊዶባክቴሪየም ላክቲስ የተጨመረበትን እርጎ የተመገቡት ወገኖች የጾም ስኳራቸውና ሄሞግሎቢን ኤዋንሲያቸው ከሌሎቹ ይልቅ ቀንሶ ተገኘ። ነገር ግን ሄሞግሎቢን ኤዋንሲ ያለፉትን 2 እና 3 ወራት የሚያሳይ መለኪያ ስለሆነ 6 ሳምንት ለፍርድ አይበቃም። ከዚህም በላይ የማነጻጸሪያው ቡድን የተመገበው ተራ እርጎ ነበር። እንግዲህ ጥናቱ የደገፈው የተመረጡትን ባክቴሪያዎች እንጂ እርጎን በጠቅላላው አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2017 በስዊድን ኢንሱሊን በሚወስዱ 46 ሰዎች ላይ ለ12 ሳምንታት የተሞከረው ላክቶባሲለስ ሬውተሪ ደግሞ ሄሞግሎቢን ኤዋንሲን አልቀነሰም።

የአገራችን እርጎ ወተቱ በዕቃው ውስጥና በአካባቢው በሚገኙ ተሕዋስያን በራሱ ሲረጋ የሚገኝ ነው። ከ2,400 ሜትር በላይ ባለችው ቀዝቃዛዋ ደሴና ከ2,000 ሜትር በታች ባለችው ሞቃታማዋ ኮምቦልቻ፣ በወይራ በታጠነውና ባልታጠነው ዕቃ፣ የባክቴሪያዎቹ ዓይነትና ብዛት አንድ ይሆናል ተብሎ አይጠበቅም። እ.ኤ.አ. በ2001 የዓለም የጤና ድርጅትና የዓለም የምግብና እርሻ ድርጅት ባለሙያዎች የሰጡት ትርጓሜ ግን ተሕዋስያኑ ሕያዋንና በቂ መጠን ያላቸው እንዲሆኑ ይጠይቃል። የእንጀራ ሊጥም ቢቦካ ባክቴሪያዎቹ በምጣዱ ሙቀት ይሞታሉ። ካልተፈላ ወተት የተሠራ እርጎ በበኩሉ ብሩሴሎሲስንና የከብት ሳንባ ነቀርሳን ሊያስተላልፍ ይችላል።

በ2014 ዓ.ም. ጦርነት የደሴ ሆስፒታል በተዘረፈ ጊዜ ሕመምተኞች ከሕክምና የተለዩት ተገድደው ነበር። ዛሬ በባለሙያ ምክር ተታልለው ሜትፎርሚን ወይም ኢንሱሊን ቢያቆሙ ኃላፊነቱ የመካሪው ነው። ከተፈላ ወተት በንጹሕ እርሾ የተዘጋጀ፣ ስኳር ያልተጨመረበት እርጎ በልክ ቢመገቡ መልካም ምግብ ነው፤ በመድኃኒት ቦታ ግን አይተካም።