ከሐውልቱ የጎደለችው ቃል

በዋሽንግተን ከተማ ለዶክተር ማርቲን ሉተር ኪንግ የቆመው ሐውልት እ.ኤ.አ. በ2011 ተመረቀ። ለጥቁር አሜሪካውያን እኩልነት ሲታገሉ ሕይወታቸውን ለሰጡ ሰው የሚገባ ክብር ነው። ብዙዎች ስለ ሐውልቱ መልክ ጽፈዋል፤ እኛ ግን የምንመረምረው በድንጋዩ ጎን ተቀርጾ የነበረውን ጽሑፍ ነው።

ጽሑፉ ዶክተር ኪንግን በራሳቸው አንደበት የፍትሕ፣ የሰላምና የጽድቅ ሰልፍ መሪ ነበርኩ ያሰኛቸው ነበር። ነገሩ የተወሰደው እ.ኤ.አ. ፌብሩዋሪ 4 ቀን 1968 በአትላንታ፣ በኤቤኔዘር ቤተ ክርስቲያን ካሰሙት ስብከት ነው። የማርሽ ባንድ መሪ ከሙዚቀኞቹ ፊት ፊት እንደሚሄድ፣ ሰውም ሁሉ መቅደምና መመስገን ይወዳል፤ ይህ ፍላጎት ካልተገራ ሰውን ሰው ያስንቃል፣ መንግሥትን ከመንግሥት ያዋጋል ብለው አስተማሩ። በመጨረሻም ስለ ቀብራቸው ተናገሩ። የኖቤል ሽልማታቸው እንዳይነሣ፣ ይልቁንም የተራበ ለማብላት፣ የታረዘ ለማልበስ፣ የታሰረ ለመጠየቅ መሞከራቸው እንዲነገር አደራ አሉ። መሪ ነበረ ለማለት ከፈለጋችሁ ግን የፍትሕ መሪ ነበረ በሉ ሲሉ ጨመሩ።

ሁለት ወር ቆይቶ፣ ኤፕሪል 4 ቀን፣ የጽዳት ሠራተኞችን አድማ ለመደገፍ በሄዱበት በሜምፊስ ከተማ በጥይት ተገደሉ። በቀብራቸው ዕለት ይኸው ስብከት ከቴፕ ተሰማ።

እንግዲህ ጽሑፉን ለማሳጠር ሲባል «ከፈለጋችሁ» የምትለው ቃል ስትቀር የትሕትናው ንግግር የትምክሕት ሆነ። መቅደምን የገሠጸው ስብከት ራስን ማስቀደሚያ ሆኖ ተቀረጸ። ደራሲዋ ማያ አንጀሉ ጽሑፉ ኪንግን ትዕቢተኛ አስመስሏቸዋል ብለው ተቃወሙ፤ በ2013ም ከድንጋዩ ተፍቆ ጠፋ። ስሕተቱ መታረሙን እናመሰግናለን። ነገር ግን በፋቁት ቦታ ሙሉውን ቃል አልመለሱበትም፤ ስለዚህ አደራው ዛሬም አልተፈጸመም እንላለን።

በሐውልቱ ዙሪያ ባለው ግድግዳ ላይ ከነቢዩ አሞጽ ምዕራፍ 5 የወሰዱት ስለ ፍትሕ የሚናገር ቃል ይገኛል። አሞጽ ለእኛ ባዕድ አይደለም፤ በምዕራፍ 9 የእስራኤልንና የኩሽን ልጆች በአንድነት ያነሣ ነቢይ ነውና።

የአባቶችንና የእናቶችን ቃል በቴፕና በወረቀት የምትሰበስቡ ልጆቻችን ሆይ፣ ከዚህ ተማሩ። ሽማግሌው «ምናልባት» ካለ «ምናልባት» ብላችሁ ጻፉ፤ «እኛ» ያለውን «እኔ» አታድርጉበት። ሙት ተነሥቶ ቃሉን አያርምም፤ የሟች ክብር በሐውልቱ ቁመት ሳይሆን ቃሉን ሳያጎድሉ በመጠበቅ ይታወቃል።