የስዊድን ወረፋ

«ሶሻሊዝም» የሚለው ቃል እኛ አገር ስሙ ክፉኛ የተበላሸ ቃል ነው። ዕድሜው ገፋ ያለ ሰው ፊት ካነሱት ትዝ የሚለው ቀበሌ፣ ራሽንና አብዮት ጥበቃ ነው። ታዲያ አውሮፓ ደርሶ የመጣ ዘመድ «ስዊድኖች እኮ ሶሻሊስቶች ናቸው» ያለ እንደሆነ ግማሹ ሰው ይደነግጣል፤ ግማሹ ደግሞ «ምነው እኛም በታደልን!» ይላል። እኔ በበኩሌ ሁለቱም ወገን ነገሩን ቀረብ ብሎ አላየውም ባይ ነኝ።

ስዊድኖች የማንንም ፋብሪካ በአዋጅ ወርሰው አይደለም እዚህ የደረሱት። ፔር አልቢን ሃንሰን እ.ኤ.አ. በ1928 ባደረገው ንግግር አገሪቱን እንደ ጥሩ ቤት አድርጎ ነበር የሳላት፤ የእንጀራ ልጅና የአብራክ ልጅ የማይለይበት ቤት። ፓርቲው ሶሻል ዴሞክራት ከ1932 እስከ 1976 ድረስ፣ መሀል ላይ ካለች አንዲት አጭር ክረምት በቀር፣ ሥልጣን ላይ ቆየ። አርባ አራት ዓመት! ግን በየምርጫው እየተወዳደረ ነው። የኩባንያዎችን ትርፍ ቀስ በቀስ ወደ ሠራተኛው የሚያዞር ፈንድ በ1983 በሕግ ቢያቋቁምም፣ ነጋዴው አደባባይ ወጥቶ ጮኸ፤ በ1991 የተመረጠው ሌላ መንግሥት አፈረሰው። አለቀ።

ቀረጡስ? አስትሪድ ሊንድግሬን የምትባል የልጆች ደራሲ ነበረች። በ1976 ሒሳብ ብትሠራ፣ ከተወሰነ ገቢ በላይ የምታገኘው ላይ የተጣለባት ግብር 102 በመቶ ሆኖ አገኘችው። መቶ ብር ሠርቶ መቶ ሁለት ብር መክፈል ማለት ነው እንግዲህ። ሴትዮዋ ራሷ የሶሻል ዴሞክራት ደጋፊ ነበረች። ተረት አድርጋ ጋዜጣ ላይ አወጣችው። የገንዘብ ሚኒስትሩ ሒሳብ አታውቅም ብሎ ሊያጣጥላት ሞከረ፤ አገር ሳቀበት። በዚያው ዓመት መስከረም ፓርቲው ምርጫውን ተሸነፈ። በኛ አቆጣጠር 1976 ዓ.ም. ደግሞ «ኦሮማይ»ን የጻፈው በዓሉ ግርማ ከቤቱ እንደወጣ ቀረ። ቁጥሩ መገጣጠሙ አጋጣሚ ነው። ልዩነቱ ግን አጋጣሚ አይደለም፤ ከሁለት አንዱን «ሶሻሊዝም» ብለን ሌላውንም በዚያው ስም ስንጠራ እያደናገርን ያለነው ራሳችንን ነው።

ይህን ካልኩ በኋላ የምወድላቸውንና የማልወድላቸውን ልናገር። የወሊድ ፈቃዳቸውን እወድላቸዋለሁ። አንድ ልጅ ሲወለድ ለወላጆቹ በድምሩ 480 ቀን የሚከፈልበት ፈቃድ አለ፤ ከዚህ ውስጥ 90 ቀኑ ለአንዱ ወላጅ፣ 90ው ለሌላው የተመደበ ስለሆነ አባትየው ካልወሰደው ይቃጠላል። ሕጉ አባቶችን የጨመረው ገና በ1974 ነበር። ውጤቱን መንገድ ላይ ታዩታላችሁ፤ በሥራ ቀን ረፋድ ላይ ጋሪ እየገፋ የሚሄድ ጎረምሳ ሞልቷል። ማንም ዞር ብሎ አያየውም።

የማልወደው ቤቱን ነው። ከ1965 እስከ 1974 ባለው ጊዜ ስምንት ሚሊዮን ገደማ ሕዝብ ያላት አገር አንድ ሚሊዮን ያህል ቤት ሠራች። ይህ ቀልድ አይደለም። ዛሬ ግን ስቶክሆልም ውስጥ ኪራይ ቤት ፈላጊ በከተማው ወረፋ ይመዘገባል፤ አንድ ወጣት 18 ዓመት ሲሞላው ነው ስሙን የሚያስገባው። አማካዩ ጥበቃ ወደ ዘጠኝ ዓመት ይጠጋል፤ መሀል ከተማ ከሆነ ከዚያም ይብሳል። የኪራዩ ዋጋ በተከራዮች ማኅበርና በአከራዮች ድርድር ስለሚወሰን ቤቱን የያዘ ሰው አይለቅም። ለምን ይለቃል? ውሉን በጓሮ የሚሸጥም ተፈጠረ፤ መሸጡ ድሮም ወንጀል ነበር፣ ከ2019 ጀምሮ ገዢውም ይጠየቃል። ወረፋ የሌለው ሰው ከተከራዩ ይከራያል። የቀበሌ ቤት ውስጥ ያደገ የአዲስ አበባ ሰው «ተከራይ አከራይ» የሚለውን ነገር ማንም አያስተምረውም!

ታዲያ ማን ተጎዳ? ሀብታሙ ቤቱን ይገዛል። የከተማው ልጅ 18 ዓመት እንደሞላው ተመዝግቧል፣ እስኪደርሰውም ወላጆቹ ጋ ያድራል። ትላንት የመጣው ነው፣ ከአፍሪካ ቀንድ የሄደው ስደተኛ ጭምር፣ በየስድስት ወሩ ሻንጣ የሚሸክመው። የወሊድ ፈቃዱ ልጅ ለወለደ ሁሉ ነው። የቤቱ ደንብ ግን የሚጠቅመው ቀድሞ የገባውን ነው፤ ያውም በእኩልነት ስም።

ለማስተካከል መሞከርም ቀላል አልሆነም። በ2021 አዲስ ለሚሠሩ ቤቶች ብቻ ኪራዩ በገበያ ይወሰን የሚል ሐሳብ ቢነሳ ግራ ክንፉ ድጋፉን አነሳ፤ ስቴፋን ሎቬን በፓርላማ የመተማመኛ ድምፅ ተነፍጎ የወደቀ የመጀመሪያው የስዊድን ጠቅላይ ሚኒስትር ሆነ። ከሁለት ሳምንት ጥቂት ቢያልፍ ሰውየው ተመልሶ ተመረጠ፤ ሐሳቡ ግን ተጣለ።

ይህን የማነሳው ለወሬ አይደለም። እኛም በ2016 ዓ.ም. የመኖሪያ ቤት ኪራይ ቁጥጥር አዋጅ አውጥተናል። ውል ከሁለት ዓመት አያንስም፤ ጭማሪውም መንግሥት ከሚያስታውቀው አይበልጥም። በየዓመቱ ዕቃዋን በጋሪ ጭና ሰፈር ስትቀይር ለኖረች እናት ይህ ትንሽ ነገር አይደለም፤ እደግፈዋለሁ። ግን ነገ ከክፍለ ሀገር ሥራ ተቀጥሮ ለሚመጣው ልጅ አከራዩ የሚመጣውን ጭማሪ ሁሉ ከወዲሁ መነሻው ላይ ደምሮ ቢጠይቀው ምን ይበጀዋል? አዲስ ቤትስ ማን እየሠራለት ነው?