ሕፃናትን ከሥጋት ለማሳረፍ ስለሚሠራበት የመታ መታ ዘዴ፤ አጭር ሂስ

የሠጋ ሕፃን በቃል ብቻ እንደማይረጋ ልጅ ያሳደገ ሁሉ ያውቀዋል። «አይዞህ፥ ምንም የለም» ቢሉት ሆዴን አመመኝ ይላል እንጂ ሥጋቱ አይለቀውም። በአሜሪካ ተጀምሮ ዛሬ ለወላጆችና ለመምህራን በመጻሕፍት የሚቀርበው የመታ መታ ዘዴ ለዚህ ችግር መፍትሔ አለኝ ይላል። እኛም ልንመረምረው ያሰብነው ዘዴው ይጠቅም እንደ ሆነ ብቻ ሳይሆን፥ የሚጠቅም ከሆነ በምን ምክንያት እንደሚጠቅም ነው።

አሠራሩ ቀላል ነው። ልጁ የሚያስፈራውን ነገር ይናገራል፤ የፍርሃቱንም መጠን ከ0 እስከ 10 ባለው ቍጥር ይገምታል። ቀጥሎ የእጁን ጠርዝ በሌላው እጁ ጣቶች መታ መታ እያደረገ፥ «ፈተናው ቢያስፈራኝም ጎበዝ ልጅ ነኝ» የመሰለ ቃል ይደጋግማል። ከዚያ ቅንድቡን፥ የዓይኑን ዳርና ሥር፥ ከአፍንጫው በታች፥ አገጩን፥ ከአንገቱ ሥር ያለውን አጥንት፥ ከብብቱ ዝቅ ያለውን ጎኑንና አናቱን በተራ ይመታል። በመጨረሻም ፍርሃቱን እንደ ገና ይገምታል።

የዘዴው አባት ሮጀር ካላሃን የተባለው አሜሪካዊ የሥነ ልቡና ሐኪም ነው። እርሱ በ1980ዎቹ ዓ.ም. (እ.ኤ.አ.) ባሰራጨው ትምህርት፥ ጭንቀት የሚመጣው ቻይናውያን በሰውነት ውስጥ አለ ከሚሉት የኃይል መሥመር መታወክ ነው አለ፤ ለየችግሩም የተለየ የአመታት ተራ ደነገገ። ደቀ መዝሙሩ ጌሪ ክሬግ ግን በ1990ዎቹ ተራውን ሁሉ ትቶ ለማንኛውም ችግር አንድ ሥርዓት በቂ ነው አለ። እንግዲህ የመምህሩን ምሥጢር አላስፈላጊ ያደረገው ራሱ ተማሪው ነው።

ከዚህ የሚበልጠው ማስረጃ በ2003 (እ.ኤ.አ.) ዌይትና ሆልደር ያሳተሙት ጥናት ነው። 119 የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች በአራት ተከፈሉ፤ አንደኞቹ የታዘዙትን ነጥቦች፥ ሁለተኞቹ በክንዳቸው ላይ ሌላ ቦታ፥ ሦስተኞቹ አሻንጉሊት መቱ፤ አራተኞቹ ምንም አልመቱም። የሦስቱም መቺዎች ፍርሃት ቀነሰ፤ የአራተኞቹ ግን አልቀነሰም። የዘዴው ደጋፊዎች «አሻንጉሊት የመታ ሰው በጣቱ ጫፍ ያለውን ነጥብ ነክቷል» ብለው ተከራከሩ። እንዲህ ከሆነ ግን የቅንድቡና የአገጩ ካርታ ለምን አስፈለገ?

ጥቅሙን መካድ ግን ተገቢ አይደለም። በ2016 (እ.ኤ.አ.) የታተመ 14 ጥናቶችን ያነጻጸረ ግምገማ በዘዴው የተረዱ ሰዎች ጭንቀት መቀነሱን ገልጧል፤ ከታወቁት ሕክምናዎች ጋር ለማመዛዘን ግን ተጨማሪ ማስረጃ እንደሚያሻ ጠቍሟል። በእኛ አስተያየት የሚሠራው ነገር ሌላ ነው፤ ይኸውም ፍርሃትን በስሙ መጥራት፥ የሚያዳምጥ ታላቅ ሰው አጠገብ መኖሩና የእጅ ምት ነው። ሕፃን ጀርባውን መታ መታ እያደረጉ እሹሩሩ የሚሉ እናቶች የመጨረሻውን ያለ ካርታ ያውቁታል። ሜሪ ከቨር ጆንስም በ1924 (እ.ኤ.አ.) ጥንቸል የሚፈራ ሕፃን እየበላ ጥንቸሏን ቀስ በቀስ በማቅረብ ፍርሃቱን እንዳስተወችው ጽፋለች፤ የኃይል መሥመርም አላነሣችም።

ታዲያ ዘዴው ከረዳ ምክንያቱ ምን አስጨነቃችሁ የሚለን ይኖር ይሆናል። መልሳችን ይህ ነው። የመምህሩን አለንጋ የሚፈራ ልጅ አገጩን መትቶ ፍርሃቱን ከ8 ወደ 2 ቢያወርድ፥ አለንጋው እዚያው ነው። ፍርሃቱ መልእክተኛ ነበር፤ እኛ ግን መልእክቱን ሳንሰማ መልእክተኛውን ዝም አሰኘነው። ደግሞም ልጅ የታላቁን ፊት አይቶ የሚፈለግበትን ቍጥር ሊናገር ይችላል። ጣቶቹም እንደ ክታብ ሆነውበት ያለ እነርሱ የማይደፍር ሊሆን ይችላል።

ስለዚህ ወላጅ መታ መታውን ልጁን ለማረጋጋት ቢጠቀምበት አንነቅፍም። ነገር ግን ስለ ኃይል መሥመር የሌለ ነገር አይንገረው፤ ከረጋ በኋላ «ምን አስፈራህ?» ብሎ ይጠይቀው፤ መልሱንም እስከ ፍጻሜው ይስማ። ሥጋቱ እንቅልፍ ወይም ትምህርት የሚከለክለው ከሆነም ወደ ሐኪም ይውሰደው። የጣት ምት የንግግሩ መግቢያ ሊሆን ይገባል እንጂ መደምደሚያው ሊሆን አይገባም።