ኮሶ፤ ቍጥርና ዘር

በአራዳ በቴዎድሮስ አደባባይ የሴባስቶፖል መድፍ ምስል ቆሞ ይታያል። ዐፄ ቴዎድሮስን ጠላቶቻቸው «የኮሶ ሻጭ ልጅ» እያሉ ይሰድቧቸው እንደ ነበር ይነገራል። መድፉን አላፊ አግዳሚው ሁሉ ያያል፤ ስድቡ ስለ ተነሣበት ዛፍ የሚያስብ ግን ጥቂት ነው።

ኮሶ በእጽዋት ሊቃውንት አከፋፈል በወገኑ ውስጥ ሌላ ዝርያ የሌለው ዛፍ ነው። ወንዴውና ሴቴው ለየብቻ ይበቅላሉ፤ ለኮሶ ትል መድኃኒት የሚለቀመው የሴቴዋ አበባ ነው። እንግዲህ አበባው ፍሬ ሳይዝ የተለቀመ እንደ ሆነ ዘሩም አብሮ ይቀራል።

ታዬ በቀለ አየለና ባልደረቦቻቸው እ.ኤ.አ. በ2009 ባሳተሙት ጥናት በኢትዮጵያ ከ22 ስፍራዎች የተገኘውን ኮሶ መርምረዋል። የክሎሮፕላስቱ ዲኤንኤ ከስፍራ ስፍራ በእጅጉ እንደሚለያይ አሳይተዋል። ስለዚህ የአንዱ ተራራ ኮሶ ቢጠበቅ የሌላው ተጠበቀ ማለት አይደለም።

ጥናቱ ምስጋና የሚገባው ነው፤ ሆኖም እንዲህ ያለው ምልክት ዝምድናን ይናገራል እንጂ የትኛው ዛፍ ድርቅ እንደሚችል፣ የየትኛው አበባ መድኃኒትነት እንደሚበረታ አይናገርም። ይህን ለማወቅ የየስፍራውን ዘር ጎን ለጎን ተክሎ ለብዙ ዓመት መከታተል ያስፈልጋል።

ከጥናቱ ይልቅ የሚወቀሰው አሠራራችን ነው። እ.ኤ.አ. በ1994 የወጣው የደን አዋጅ ቍጥር 94 ኮሶ፣ ዋንዛ፣ ዝግባና ጥድ ከመንግሥትና ከክልል ደን እንዳይቈረጡ ከልክሎ ነበር። መጥረቢያን መከልከል መልካም ነው፤ ዘርን ግን አያበዛም። ሐምሌ 22 ቀን 2011 ዓ.ም. ደግሞ በአገራችን በአንድ ቀን ከ350 ሚሊዮን በላይ ችግኝ እንደ ተተከለ መንግሥት አስታወቀ። ቍጥሩን በቃላችን ይዘናል፤ ዘሩ ከየትኛው ስፍራ፣ ከስንት እናት ዛፍ እንደ ተለቀመ ስንቶቻችን ጠየቅን? ከአንዲት ዛፍ ሥር የተለቀመ ዘር ሺህ ችግኝ ቢወጣው ሁሉም የአንዲት እናት ልጆች ናቸው፤ አንዱን የሚገድል በሽታ ብዙዎቹን ሊጨርስ ይችላል።

«ዛሬ ክኒን አለ፤ ኮሶም ከልክ ሲያልፍ ዓይን ይጐዳል፤ ታዲያ ምን ያደክመናል?» የሚል አይጠፋም። ኮሶ መጠጣት ይቅር ማለትና ዛፉ ይጥፋ ማለት ግን አንድ አይደለም።

ማንኛውም ችግኝ ጣቢያ በዘር ከረጢቱ ላይ ስፍራውን፣ የቦታውን ከፍታና የእናት ዛፎቹን ቍጥር ይጻፍ። ይህ የአንድ መስመር ጽሕፈት ነው፤ ሳይጻፍ የቀረው ግን በኋላ በምንም ቤተ ሙከራ በሙሉ አይመለስም።