የኅዳሩን በግንቦት

በባሕር ዳር አንድ የስብሰባ አዳራሽ ግድግዳ ላይ ሁለት የሳተላይት ምስሎች ጎን ለጎን ይታዩ ነበር። በግራው ምስል የጣና ሰሜን ምሥራቅ ዳርቻ አረንጓዴ ለብሷል። በቀኙ አረንጓዴው ተበጣጥሶ እዚህም እዚያም ቅሪቱ ብቻ ነው ያለው። የሐይቁን ሥነ ምህዳር ለመጠበቅ በውጭ ገንዘብ ሲካሄድ የቆየ ፕሮጀክት ሊዘጋ ነበር፤ የማጠናቀቂያ ግምገማውን የያዝኩት እኔ ነበርኩ። በረቂቅ ሪፖርቴ ላይ «የእምቦጭ አረም ሽፋን በከፍተኛ ደረጃ ቀንሷል» ብዬ ጻፍኩ። የተቃወመ አልነበረም። ገንዘብ ሰጪው ደስ አለው፣ አስፈጻሚው ደስ አለው፣ እኔም ሥራዬ በጊዜ በማለቁ ደስ አለኝ።

በማግሥቱ ለደንቡ ያህል በሐይቁ ዳር ወዳለው ደምቢያ ወጣሁ። ሽምብራው ከተነሣ የሰነበተ ማሳ ዳር አንድ አዛውንት ተቀምጠው አገኘሁና ምስሎቹን በስልኬ አሳየኋቸው።

«አባባ፣ እምቦጩ ቀንሷል አይደል?»

«ይኼኛው መቼ የተነሣ ነው ልጄ?»

«ኅዳር ላይ።»

«ይኼኛውስ?»

«አሁን ነው፤ በዚህ በግንቦት።»

ስልኩን መለሱልኝ። «በግንቦትማ ውኃው ራሱ የት አለና!»

የተቀመጡበት መሬት ኅዳር ላይ ሐይቅ ነበር። የአካባቢው ሰው ባሕር ሸሽ ይለዋል፤ ውኃው ሲሸሽ የሚታረስ፣ ሲመለስ የሚሰጥም መሬት። ጣና በመስከረምና በጥቅምት ይሞላል፣ በግንቦትና በሰኔ ይጎድላል። ልዩነቱ በቁመት ሲለካ አንድ ሜትር ተኩል ገደማ ነው፤ ግን ዳርቻው እንደ ምጣድ የተዘረጋ ስለሆነ አንዲት ሜትር ውኃ ስትጎድል ሰፊ መሬት ይገለጣል። በዚያ ላይ ተንሳፍፎ የነበረው እምቦጭ መሬት ላይ ይቀርና በፀሐይ ይደርቃል። ዘሩ ግን ጭቃው ውስጥ ለዓመታት ሳይሞት ይቆያል። ክረምት ሲመጣ፣ ወንዞቹ ከማሳው የታጠበ አፈርና ማዳበሪያ ይዘው ሲገቡ፣ እንደገና ይነሣል። የፕሮጀክቱ መነሻ ጥናት በኅዳር ተሠራ፣ የማጠናቀቂያው በግንቦት። ምስሎቹ ልክ ነበሩ። የዋሸሁት እኔ ነኝ፣ ሁለቱን ጎን ለጎን ሰቅዬ።

ዓረፍተ ነገሩን ሰረዝኩት። ቢሮ ስመለስ አንድ ወጣት የፕሮጀክት ባለሙያ በትሕትና፣ «ጋሼ፣ የሽፋኑን ቁጥር እኮ ለዋናው መሥሪያ ቤት ልከነዋል» አለኝ። የተላከው ቁጥር ሳይታረም ቀረ። በእኔ ሪፖርት ግን የለም።

ይህን የማነሣው ራሴን ለመክሰስ አይደለም፤ ከዚያ ቀን ጀምሮ ሥራዬ ስለተለወጠ ነው። አንድ ገምጋሚ ሲቀጠር ቢጋር (የሥራው ዝርዝር የተጻፈበት ሰነድ) ይሰጠዋል። በቢጋሩ ላይ የበለጸጉት አገሮች የኢኮኖሚ ድርጅት ያወጣቸው መመዘኛዎች ተዘርዝረዋል፦ እ.ኤ.አ. ከ1991 ጀምሮ አምስት ነበሩ፣ በ2019 ስድስተኛ ተጨመረ። ተገቢነት፣ ውጤታማነት፣ ቅልጥፍና፣ ዘላቂነት እያለ ይሄዳል። ጥሩ መመዘኛዎች ናቸው። ወር የሚጠይቅ ግን አንድም የለም። ለትምህርት ቤት ግንባታ ወሩ ምንም ላይመስል ይችላል፤ በጥቅምት የቆመ ግድግዳ በግንቦትም ቆሞ ይገኛል። ለሐይቅ፣ ለወንዝና ለረግረግ ወሩ ከመመዘኛዎቹ ሁሉ ይቀድማል።

አሁን ቢጋር ሲደርሰኝ በጀቱን ከማየቴ በፊት ወረቀት አወጣና ሁለት የዘመን መቁጠሪያ እሥላለሁ። አንዱ የፕሮጀክቱ ነው፤ ሥልጠና መቼ ተሰጠ፣ ሪፖርት መቼ ተላከ። ሌላው የውኃው ነው፤ መቼ ይሞላል፣ መቼ ይደፈርሳል፣ ዓሣው መቼ ይወልዳል፣ ደንገሉ መቼ ይታጨዳል። ሁለቱን ሳስተያይ ብዙውን ጊዜ አይገናኙም። የለጋሽ በጀት ዓመት ይዘጋል፣ ገምጋሚው መንገድ በሚደርቅበት ወራት ይመጣል፣ ሐይቁ ደግሞ ዋና ሥራውን የሚሠራው በክረምት ነው።

ዓሣው ላይ ትንሽ ልቆይ። በጣና ውስጥ ላቤዮባርበስ የሚባል የዓሣ ወገን አለ። በሐይቁ ውስጥ ተለያይቶ ከ15 የማያንሱ፣ በሌላ በየትኛውም ውኃ የማይገኙ ዝርያዎችን አፍርቷል። በዓለም ላይ እንዲህ ያለ የባርበስ ስብስብ የቀረው እዚህ ብቻ ስለሆነ ሳይንቲስቶች ጣናን የሚያዩት እንደ ቤተ ሙከራ ነው። ከእነዚህ ቢያንስ ሰባቱ ለመውለድ ክረምት ላይ ከሐይቁ ወጥተው ወደ ጉማራ፣ ርብ፣ መገጭና ሌሎች ወንዞች ሽቅብ ይወጣሉ። ጥርት ያለ ውኃ የሚያልፍበት ጠጠር ይፈልጋሉ። ሲወጡ በወንዞቹ አፍ ላይ ስለሚከማቹ፣ ያን ጊዜ መረብ የዘረጋ ሰው ገና ያልወለዱትን ጠራርጎ ይወስዳል። እ.ኤ.አ. በ1980ዎቹ አጋማሽ የሞተር ጀልባና ዘመናዊ መረብ ከገባ በኋላ በተደረጉ ጥናቶች እ.ኤ.አ. በ1991 እና በ2001 መካከል የእነዚህ ዓሦች ብዛት በ75 በመቶ ገደማ ወርዶ ተገኝቷል፤ የጫጩቶቹ ደግሞ ከዚያም በላይ።

የጣናን ዓሣ ማዳን የፈለገ ፕሮጀክት የሚፈተነው እንግዲህ በነሐሴ ነው፤ በጉማራ አፍ ላይ መረብ አለ ወይስ የለም? በዙሪያው ያለችው ፎገራ በዚያ ወር ውኃ ላይ የተቀመጠች አገር ናት፤ እስከ ሐይቁ ዳር መኪና አይገባም። ስለዚህ ገምጋሚው በጥር ይመጣና የቀበሌ ጽሕፈት ቤት ውስጥ ቁጭ ብሎ ስንት ዓሣ አስጋሪ እንደሠለጠነ ይቆጥራል። ሥልጠና በየትኛውም ወር ይቆጠራል፣ ፊርማ አለው፣ የውሎ አበል የተከፈለበት ዝርዝር አለው። የዓሣው መመለስ ግን ዝርያው ለአካለ መጠን እስኪደርስ ዓመታት ይጠይቃል፤ ፕሮጀክቱ በአራት በአምስት ዓመት ይዘጋል። እኔ ራሴ በስንት ሪፖርት ላይ የሠለጠነ ሰው ቁጥር ጽፌ «ውጤት» ብዬዋለሁ።

ሌላው እኛ አገር ያለ ችግር ቃሉ ነው። «ግምገማ» ስትል ገበሬው የሚያስበው የእኔን ዓይነት ሥራ አይደለም። ካድሬ ፊት ቆሞ ሂስና ግለ ሂስ የሚደረግበትን፣ ሰው የተባረረበትን ስብሰባ ነው የሚያስበው። ስለዚህ ወይ ሁሉም መልካም ነው ይላል፣ ወይ ተነሥቶ ጥፋቱን ይናዘዛል። ሁለቱም ለእኔ አይጠቅሙም። አሁን ቃሉን መስክ ላይ አልጠራውም። «ሐይቁን እንዴት አያችሁት ብለን ልንጠይቅ መጣን» እላለሁ፤ የወረዳው ባለሙያም ካጠገቤ ባይቀመጥ እመርጣለሁ፤ ክፉ ሰው ሆኖ ሳይሆን ሰው ዓይኑን እያየ ስለሚመልስ።

ጥያቄውንም ለውጫለሁ። «ረግረጉ አገግሟል?» ብለህ ብትጠይቅ «አዎ» ይሉሃል። ታንኳ የሚሠራውን ነገደ ወይጦ ሰው «ደንገል ዘንድሮ ከየት አመጣህ? አምናስ?» ብትለው ግን ቦታውን በጣቱ ያሳይሃል፤ በቅርብ ከሆነ ረግረጉ አለ፣ ግማሽ ቀን የሚያስቀዝፍ ከሆነ የለም። ገበያ ላይ ዓሣ የምትሸጠውን እናት ሳህኗ ውስጥ ካለው ትልቁን አሳዪኝ በላት፤ እጅህ ላይ አስቀምጠህ ለካ። ከሠላሳ ገጽ መጠይቅ ይልቅ እነዚህ ሁለት ጥያቄዎች ብዙ ጊዜ አድነውኛል።

ለውጥ ካገኘህም በኋላ ከባዱ ነገር ገና ነው፤ ማን አመጣው? የዚህ ትልቁ ትምህርት ቤት ጎረቤታችን የቪክቶሪያ ሐይቅ ነው። እምቦጭ እዚያ እ.ኤ.አ. በ1980ዎቹ መጨረሻ ታየ። ኡጋንዳ በ1995፣ ኬንያ በ1997 ኒዮኬቲና የተባሉ፣ ከዚያ ተክል በቀር ሌላ የማይመገቡ ጢንዚዛዎች ለቀቁ። የዓለም ባንክ የተሳተፈበት የሦስት አገሮች ፕሮጀክትም ተጀመረ። በ1997 ማብቂያና በ1998 መጀመሪያ ላይ ደግሞ ኤልኒኖ ያመጣው ከባድ ዝናብ ወረደ። ከዚያ አረሙ በሚገርም ፍጥነት ጠፋ። ጢንዚዛው በላው የሚሉ ተመራማሪዎች አሉ፤ ደመናው ብርሃን ከልክሎት፣ ማዕበሉ ሰባብሮት ነው የሚሉም አሉ፤ ክርክሩ በሳይንስ መጽሔቶች ላይ ዓመታት ፈጅቷል። ወደ ሦስተኛው መንገድ የማዘነብለው እኔ፣ ጢንዚዛው ያደከመውን ማዕበሉ ጨረሰው እላለሁ። ነገር ግን በ1999 የመጣ ገምጋሚ ባዶ ውኃ አይቶ «ፕሮጀክቱ ተሳክቷል» ብሎ ቢፈርም ማን ይወቅሰዋል? በ2006 ማብቂያ ከዘነበው ከባድ ዝናብ በኋላ በኬንያ በኩል ባለው ዊናም ባሕረ ሰላጤ አረሙ ተመልሶ ተንሰራፍቷል።

ስለዚህ ፕሮጀክቱ የሠራበትን ዳርቻ ብቻ አላይም፤ ያልደረሰበትንም አያለሁ። በዚያ ግንቦት ሰው እጁን ያላሳረፈበት ዳርቻ ላይም እምቦጩ ደርቆ ነበር። ይህን ስል በየመኸሩ ደረታቸው ድረስ ውኃ ውስጥ ገብተው በእጃቸው የነቀሉትን ገበሬዎች ድካም ለማናናቅ አይደለም። ባይነቅሉ ይብስ ነበር ብዬ እገምታለሁ። ግምት ግን ግምት ነው፤ ሪፖርት ላይም እንደ ግምት መጻፍ አለበት።

ውጤት አሰጣጡን በሁለት ቃል ልለፈው። ብዙ ለጋሾች ስድስት እርከን አላቸው፤ ከላይ «እጅግ አጥጋቢ»፣ ከታች «እጅግ አጥጋቢ ያልሆነ»። ማንንም የማያስቀይም «በመጠኑ አጥጋቢ» የሚባል አለ፤ ገምጋሚ የደከመው ቀን እዚያ ያርፋል። እኔም ያን ፕሮጀክት እዚያው አሳርፌዋለሁ። ዛሬ ቢሆን አንድ እርከን አወርደው ነበር።

በተከታዩ ኅዳር ለሌላ ሥራ ወደ ባሕር ዳር ስሄድ አንድ ቀን ተርፎኝ እስከ ደምቢያ ዘለቅሁ። አዛውንቱ የተቀመጡበት ማሳ ውኃ ውስጥ ነበር፤ ውኃው በእምቦጭ ተሸፍኖ፣ አበባው ሐምራዊ ሆኖ።

ቢጋር የምትጽፉ ወገኖቼ፣ አንድ ነገር ልለምናችሁ። መነሻ ጥናቱ የተሠራበትን ወር ጻፉ፤ የማጠናቀቂያውንም በዚያው ወር አድርጉት። ዓሣ ካለበት ደግሞ ነሐሴን ጨምሩ። መንገዱ ጭቃ ነው፤ ጉማራ አፍ ግን ከባሕር ዳር በጀልባ ይደረሳል።