በኢንተርኔት የሚሠራጩ የጋራ የትምህርት መጻሕፍት ከደቡብ ኦሞ ሲታዩ፤ ሂሳዊ አስተያየት

መንግሥት አንድ ጊዜ አዘጋጅቶ ብዙ ትምህርት ቤቶች በጋራ የሚጠቀሙበት የትምህርት ማቴሪያል በአገራችን አዲስ ነገር አይደለም። ሐምሌ 1 ቀን 1971 ዓ.ም. የተጀመረው ብሔራዊ የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ ውሎ አድሮ በ15 ቋንቋዎች መጻሕፍት አሳትሞ እስከ ገጠር ቀበሌዎች አድርሷል። ሥራው ታላቅ ነበር። ሆኖም ከነዚያ 15 ቋንቋዎች መካከል የደቡብ ኦሞ ሕዝቦች ቋንቋ አንድም አልነበረም። አሪውም፣ ማሌውም፣ ሐመሩም፣ ዳሰነቹም በዘመቻው ፊደል የቆጠረው በሌላ አፍ ነው። (በዚህ ጽሑፍ የተጠቀሱት ዘመናት ሁሉ በኢትዮጵያ አቆጣጠር ናቸው።)

ሁለተኛው ታላቅ ሙከራ በ1997 ዓ.ም. በሳተላይት የተጀመረው የሁለተኛ ደረጃ የቴሌቪዥን ትምህርት ነው፤ በተለምዶ «ፕላዝማ» የምንለው። ትምህርቶቹ በደቡብ አፍሪካ በእንግሊዝኛ ተቀርጸው፣ በአንድ ሰዓት ለመላው አገር ይተላለፉ ነበር። የክፍለ ጊዜው አብዛኛው ክፍል የማሳያው፣ ጥቂት ደቂቃዎች ደግሞ የመምህሩ ነበሩ። ተማሪው ያልገባውን ለመጠየቅ እጁን ቢያነሣ ትምህርቱ አይቆምለትም፤ መብራት ሲጠፋ ያመለጠውም ትምህርት አይመለስም። የብዙዎች ትችት ያተኮረው በቋንቋው ክብደትና በአቀራረቡ ፍጥነት ላይ ነው። የዚህ ጽሑፍ አቅራቢ ግን ከሁሉ የከፋው ጉድለት ሌላ ነው ብሎ ያምናል፤ ይኸውም መምህሩ በእጁ የገባውን ትምህርት አንዲት ቃል እንኳ ለማረም ሥልጣንም መሣሪያም ያልነበረው መሆኑ ነው።

ዛሬ የጋራው መጽሐፍ በኢንተርኔት ይመጣል። ከመጋቢት 2012 ዓ.ም. ጀምሮ ትምህርት ቤቶች በኮሮና ወረርሽኝ ምክንያት በተዘጉ ጊዜ ትምህርት በሬዲዮ፣ በቴሌቪዥንና በቴሌግራም ሲሰጥ ቆይቷል። ከዚያም በ2015 ዓ.ም. አዲሱ ሥርዓተ ትምህርት ሲተገበር የታተመው መጽሐፍ ሳይደርስ የፒዲኤፍ ቅጂው ከስልክ ወደ ስልክ ተሻግሮ ቀድሞ የደረሰባቸው ቦታዎች ጥቂት አይደሉም። ይህ መልካም ነው። ነገር ግን «ማንም ሊያገኘው ይችላል» ማለትና «ክፍት ነው» ማለት እንደማይገናኙ ማስተዋል ይገባል። «ክፍት የትምህርት ሀብት» የሚለው ስያሜ በዩኔስኮ ስብሰባ ላይ በ1994 ዓ.ም. ሲወጣ፣ ኋላም የድርጅቱ ጠቅላላ ጉባኤ በኅዳር 2012 ዓ.ም. ስለ ጉዳዩ የውሳኔ ሐሳብ ሲያጸድቅ፣ የትርጉሙ ማእከል ተጠቃሚው ማቴሪያሉን ያለ ክፍያ መውሰድ፣ መቅዳት፣ ማሻሻልና እንደገና ማሠራጨት የሚችል መሆኑ ነው።

በዚህ ሚዛን የእኛ መጻሕፍት የት ላይ ናቸው? መልሱ በመጽሐፉ የመጀመሪያ ገጾች ላይ ተጽፎ ይገኛል፤ መምህራን ግን እምብዛም አያነቡትም። በፌዴራል ደረጃ የተዘጋጁ በርካታ የመማሪያ መጻሕፍት ያለ ሚኒስቴሩ የቅድሚያ የጽሑፍ ፈቃድ ማባዛትም ሆነ በኤሌክትሮኒክ መንገድ ማስተላለፍ የተከለከለ መሆኑን፣ አዋጅ ቁጥር 410/1996ን ጠቅሰው ያስጠነቅቃሉ። በአዋጁም ቢሆን መተርጎምና ማሻሻል የባለመብቱ ሥልጣን ነው። እንግዲህ በጂንካ የሚያስተምር አንድ የሳይንስ መምህር ከመጽሐፉ አንዱን ምዕራፍ ለተማሪዎቹ በአሪኛ አዘጋጅቶ ለጎረቤት ትምህርት ቤት ቢልክ፣ ሊመሰገንበት በሚገባው ሥራ ሕግ ተላለፈ ሊባል ነው። ማንም አልከሰሰውም፣ አይከሰውም፤ ይሁንና በዝምታ የሚታለፍ ክልከላ ደፋሩን ባይከለክልም ጠንቃቃውን መምህር እንደሚከለክል የታወቀ ነው።

ማሻሻል ያስፈልጋል የምንለው ለጌጥ አይደለም። የቀድሞው የደቡብ ክልል ከሰኔ 2012 እስከ ነሐሴ 2015 ዓ.ም. ባሉት ዓመታት አራት ክልሎች ሆኗል፤ ደቡብ ኦሞም ዛሬ በደቡብ ኢትዮጵያ ክልል ውስጥ ነው። አሮጌውን ካርታ የያዘ የኅብረተሰብ ሳይንስ መጽሐፍ ተማሪው የሚኖርበትን ክልል አያሳየውም። ከኦሞ ወንዝ ዳር ደግሞ ከዚህ የጠለቀ ምሳሌ አለ። ዳሰነቹ፣ ካራውና ሙርሲው የወንዙ ዓመታዊ ሙላት ሲሸሽ በሚተወው እርጥብ መሬት ላይ ማሽላ ይዘሩ ነበር። በታኅሣሥ 2009 ዓ.ም. የተመረቀው የግልገል ጊቤ ሦስት ግድብ የውኃውን አመጣጥ ለውጦታል። ስለ ሙላት እርሻ የተጻፈ ትምህርት ሳይታረም ሲነበብ ልጁ ቤቱ የሚያየውና መጽሐፉ የሚለው ይጣሉበታል። ያን ገጽ ለማረም ከሁሉ የሚቀርበው እዚያው ያለው መምህር ነው፤ በእጁ ያለው ግን የታሸገ ፒዲኤፍ እንጂ የሚታረመው ዋና ጽሑፍ አይደለም። አንዳንዱ የቆየ የአማርኛ መጽሐፍማ ከዩኒኮድ በፊት በነበሩ የፊደል ፕሮግራሞች የተጻፈ በመሆኑ፣ ቢቀዳ እንኳ ትርጉም የሌለው ምልክት ሆኖ ይወጣል።

ይህን ስንል ግን የተቃራኒውን አደጋ መዘንጋት የለብንም። ወላይትኛን፣ ጋሞኛን፣ ጎፍኛንና ዳውሮኛን ባንድነት አጣምሮ «ወጋጎዳ» በሚል ስም የተዘጋጀው የመማሪያ መጽሐፍ ወጪ ለመቆጠብና ተቀራራቢ ቋንቋዎችን ለማገልገል የታሰበ የጋራ ማቴሪያል ነበር። በኅዳር 1992 ዓ.ም. በሶዶ የሰው ሕይወት የጠፋበት ተቃውሞ አስነሥቶ መጽሐፉ ከትምህርት ቤቶች ተሰበሰበ። ቋንቋዎቹ ዘመዳሞች መሆናቸው ሐሰት አልነበረም፤ ባለቤቶቹ ሳይጠየቁ ማጣመሩ ነው ስሕተቱ። መጋራት ከላይ ሲታዘዝ ማዋሐድ ይሆናል።

በደቡብ ኦሞ መጋራት የሚቻልባቸው ተፈጥሯዊ መንገዶች ሞልተዋል። ቦዲዎች የሚናገሩት የሜኤን ቋንቋ በደቡብ ምዕራብ ኢትዮጵያ ክልል በሜኒት ወረዳዎችም ይነገራል፤ ስለዚህ ሁለት የክልል ትምህርት ቢሮዎች አንድ የንባብ መጽሐፍ በጋራ ቢያዘጋጁ ከእያንዳንዳቸው የሚወጣው ገንዘብ ይቀንሳል። የኛንጋቶም ቋንቋ ለኬንያው ቱርካና እጅግ የቀረበ ነው። «አፍሪካን ስቶሪቡክ» የተባለው፣ መቀመጫውን ደቡብ አፍሪካ ያደረገ ፕሮጀክት ለሕፃናት ያዘጋጃቸው አጫጭር ተረቶች በቱርካና ቋንቋም ይገኛሉ፤ ፈቃዳቸውም መተርጎምንና መለወጥን ይፈቅዳል። እዚህ ላይ የጽሕፈቱ ጉዳይ ቀላል እንዳይመስለን። ለሙርሲ ቋንቋ በ1997 ዓ.ም. በላቲን ላይ የተመሠረተ የአጻጻፍ ሥርዓት በምሁራን ጥናት ቀርቧል፤ ከዚያ በፊት በግእዝ ፊደል የመጻፍ ሙከራ ነበር። የትኛው ፊደል፣ የትኛው ቀበሌኛ የሚለው ጥያቄ በቢሮ ጠረጴዛ ላይ ሳይሆን ከተናጋሪዎቹ ጋር ተመክሮበት ካልተወሰነ የወጋጎዳ ታሪክ በትንሹ መደገሙ አይቀርም።

ስለ መስመሩ ብዙ ማለት አያሻም። ጂንካ ከአዲስ አበባ ከ700 ኪሎ ሜትር በላይ ትርቃለች፤ በከተማዋ ኔትወርክ ሲኖር ከከተማዋ ወጥቶ ወደ ሐመርና ወደ ሰላማጎ ሲዘለቅ ሁኔታው ሌላ ነው። ማቴሪያሉን በጂንካ አንድ ቦታ አውርዶ፣ ያለ ኢንተርኔት በሚሠራ አነስተኛ ሰርቨር ወይም በሚሞሪ ካርድ ወደየትምህርት ቤቱ ማድረስ የሚቻል ሥራ ነው፤ በዓለም ላይ ብዙ የገጠር ትምህርት ቤቶች ዊኪፔዲያን የሚያነቡት በዚህ መንገድ ነው። በመጀመሪያው ገጽ ያለውን ክልከላ ግን ምንም ዓይነት መሣሪያ አያነሣውም። እርሱን ማንሣት የሚችለው ራሱ ሚኒስቴሩ ነው፤ ለዚያም የሚያስፈልገው በሚቀጥለው እትም ላይ የፈቃዱን አንቀጽ መለወጥና የመጽሐፉን ዋና ጽሑፍ ሊታረም በሚችል መልኩ ለክልል ቢሮዎች መላክ ነው።