በባትሪውና በፓምፑ መካከል

በባትሪ የሚሠራ የግድግዳ ማጠቢያ ለመግጠም የሚያስፈልጉት ዕቃዎች ጥቂት ናቸው፤ ባለ 12 ቮልት ፓምፕ፣ ባትሪ፣ ገመድ፣ ፊውዝ፣ ሪሌ፣ ማብሪያ ማጥፊያ፣ በርሜል፣ ጎማና መርጫ። መርካቶን የሚያውቅ ሰው በአንድ ጠዋት ሁሉንም ገዝቶ መመለስ ይችላል። ዕቃዎቹ አንድ ላይ ስለተሰበሰቡ ግን ማሽን አይሆኑም። ማሽን የሚያደርጋቸው እርስ በርስ የሚገናኙበት መንገድ ነው። ብዙ ዓመት የሠራሁትም፣ አሁንም ወጣቶችን የማስተምረውም ይህንኑ በባትሪውና በፓምፑ መካከል ያለውን ሥራ ነው።

የምሠራው ለገዳዲና ለገጣፎ አካባቢ ነው። ከ2015 ዓ.ም. ወዲህ ሸገር ከተማ በሚለው ስም ከሰበታ፣ ከቡራዩና ከሱሉልታ ጋር በአንድ አስተዳደር ሥር ያለው የአዲስ አበባ ዙሪያ ቀበቶ ማለት ነው። እዚህ ቤት በፍጥነት ይሠራል፤ መንገድ ግን ቤቱን ዘግይቶ ይከተለዋል። በበጋ አቧራው፣ በክረምት የመረሬው ጭቃ ግድግዳ ላይ ይወጣል። ነሐሴ ሲያልቅ ደግሞ እርጥበት የማይለቀው ግድግዳ አረንጓዴ ሽበት ያበቅላል። የውጭ አገር መመሪያዎች ሰሜን ለሚያየው ግድግዳ እንድንጠነቀቅ ይመክራሉ። እኛ ዘንድ ከሚያዝያ አጋማሽ እስከ ነሐሴ የቀትር ፀሐይ በሰሜን በኩል ስለምታልፍ፣ በክረምት ጥላ የሚወድቅበት ደቡባዊው ግድግዳ ነው። ስለዚህ ቤት ሲያሳዩኝ መጀመሪያ ዞሬ የማየው ያንን ነው።

ይህን ሽበት ለማስለቀቅ ብዙ ሰው የሚያስበው የመኪና ማጠቢያውን ከፍተኛ ግፊት ነው። ግፊቱ ከ100 ባር ሲያልፍ ቆሻሻውን ብቻ አያነሳም፤ ቀለሙን ይልጣል፣ የድንጋዩን መገጣጠሚያ ያጥባል፣ በአሉሚኒየሙ ልባስ ክፍተትም ውሃ ወደ ውስጥ ይገፋል። ከላይ ቢጠራም ሥሩ ስለሚቀር ሽበቱ በሚቀጥለው ክረምት ይመለሳል። ለስላሳ እጥበት የሚባለው ዘዴ ግን ሥራውን ለግፊት ሳይሆን ለመድኃኒቱና ለጊዜ ይተወዋል። በረኪናና ፈሳሽ ሳሙና በውሃ ተበጥብጦ ከ5 ባር ባነሰ ግፊት ይረጫል፤ ሳይደርቅ ከ10 እስከ 15 ደቂቃ ይቆያል፤ ከዚያ በንጹህ ውሃ ይታጠባል። ለዚህ የሚበቃው በአርሶ አደሩ ጀርባ ላይ በሚታዘለው የባትሪ መርጫ ውስጥ ያለው የፓምፕ ዓይነት ነው፤ የእኛው መጠኑ ብቻ ይተልቃል።

ባትሪ የምንመርጥበት ምክንያት ግልጽ ነው። ብዙው ቤት ገና ቆጣሪ አልገባለትም። የገባለትም ቢሆን መብራት ሊጠፋ ይችላል። ከሁሉም በላይ እርጥብ መሬት ላይ፣ በእርጥብ እጅ፣ 220 ቮልት እየጎተቱ መሥራት ሰው ይገድላል። 12 ቮልት በቆዳ በኩል ሰው አይገድልም። እሳት ግን ያስነሳል፤ ይህን የማያውቅ ገመዱን መንካት የለበትም።

ዋናው ትምህርትም ከዚህ ይጀምራል። አብዛኞቻችን ኤሌክትሪክ የተማርነው በ220 ነው። እጃችን የለመደው ለሶኬት ባለ 2.5፣ ለመብራት ባለ 1.5 ካሬ ሚሊሜትር ገመድ መዘርጋት ነው። ያ ልማድ ወደ 12 ቮልት ሲመጣ ይከዳናል። ምክንያቱን በቁጥር ላሳይ። በደቂቃ 20 ሊትር ገደማ የሚገፋ ፓምፕ 180 ዋት ይፈልጋል እንበል። በ220 ቮልት ቢሆን ከ1 አምፔር ያነሰ በበቃው። በ12 ቮልት ግን 15 አምፔር ይስባል። ባትሪው ከፓምፑ 5 ሜትር ቢርቅ ኤሌክትሪኩ ሄዶ ስለሚመለስ ገመዱ 10 ሜትር ይሆናል። ባለ 2.5 የመዳብ ገመድ በ10 ሜትር 0.07 ኦም ይቃወማል። ይህ ትንሽ ቁጥር በ15 አምፔር ሲባዛ 1.05 ቮልት ይሆናል። ባትሪው 12 ቢሰጥ ፓምፑ የሚያገኘው 11 እንኳ አይሞላም። የጠፋው 16 ዋት ገደማ ገመዱን ሲያሞቅ ይውላል። በባለ 10 ገመድ ግን የሚጠፋው 0.26 ቮልት ብቻ ነው። ጀርመናዊው ጌኦርግ ኦም እ.ኤ.አ. በ1827 ያሳተመው ሕግ ለገዳዲ ግቢ ውስጥም ያው ነው።

ለተማሪዎቼ ይህን የማስረዳው በጎማ ነው። ቀጭንና ረጅም ጎማ ከቧንቧው የሚገባውን ውሃ ጉልበት መንገድ ላይ ይበላዋል፤ ቀጭን ገመድም በኤሌክትሪኩ ላይ የሚያደርገው ይህንኑ ነው። «ፓምፑ ደክሟል» ተብሎ ከሚመጣልኝ ሥራ ብዙው ፓምፑ ጤነኛ ሆኖ ይገኛል። አንድ ወጣት በቅርቡ እንዲህ ያለ ፓምፕ ይዞ መጥቶ ነበር።

«ጋሼ፣ አዲስ ነው፤ ሁለተኛ ፎቅ ላይ አልደርስ አለ።»

«ባትሪው ላይ ስንት አነበብክ?»

«12.4።»

«ፓምፑ ራስ ላይስ፣ እየሠራ?»

እዚያ አልለካም ነበር። ስንለካ 10.6 ሆነ። ገመዱን ቀይረን ፓምፑን ሳንነካ ሥራው ተስተካከለ። ወጣቱ ሌላ ፓምፕ ለመግዛት ገንዘብ እያጠራቀመ ነበርና፣ አንድ መለኪያ በትክክለኛው ቦታ ማሳረፍ ብቻ ያንን ወጪ አዳነለት።

ስገጥም የምከተለው ቅደም ተከተል አለኝ። መጀመሪያ ፊውዝ፣ ያውም ከባትሪው ፖዘቲቭ ራስ ከአንድ ስንዝር ሳይርቅ። ፊውዝ ፓምፑን ለመጠበቅ የተሠራ የሚመስለው ብዙ ነው፤ የሚጠብቀው ግን ገመዱን ነው። ገመዱ አንድ ቦታ ተልጦ ብረት ቢነካ ባትሪው በመቶዎች የሚቆጠር አምፔር ሊለቅ ይችላል፤ በፊውዙና በባትሪው መካከል ያለው ቁራጭ ደግሞ ጠባቂ የለውም። ስለዚህ ያ ቁራጭ ማጠር አለበት። 15 አምፔር ለሚስብ ፓምፕ 20 አምፔር ፊውዝ እጠቀማለሁ። ፊውዙ ሲቃጠል በሽቦ ቁራጭ የሚተካ ሰው ቤቱን ለእሳት ከፍቶ ሰጥቷል።

ከፊውዙ ቀጥሎ ሪሌ ይመጣል። ትንሿ የእጅ ማብሪያ 15 አምፔር ደጋግማ ስትቆርጥ ትጠቁራለች፤ በመጨረሻም ተጣብቃ ትቀራለች። በሪሌ ግን ማብሪያዋ የምታዘው ከአንድ አምፔር ያነሰ ነው፤ ከባዱን የሚሸከመው ሪሌው ነው። ከዚያ ኔጋቲቩ፤ እንደ ፖዘቲቩ ወፍራም መሆን አለበት። የሄደው ሁሉ በዚያው ስለሚመለስ፣ በመመለሻው ላይ መቆጠብ በመሄጃው ላይ ከመቆጠብ አይለይም።

መገጣጠሚያው ግን የባለሙያው ፊርማ ነው። ሁለት ሽቦ ጠምዝዞ በፕላስተር መጠቅለል በደረቅ ጣሪያ ሥር ዓመታት ሊቆይ ይችላል። በረኪና ባለበት ጋሪ ላይ ግን አይቆይም። እንፋሎቱ መዳቡን አረንጓዴ ያደርገዋል፤ ዝገቱም ኤሌክትሪኩን ይቃወማል። አንድ መገጣጠሚያ ላይ 0.05 ኦም ቢጨመር 0.75 ቮልት ይጠፋል፤ 11 ዋት የሚሆን ሙቀትም በጥፍር በምታህል ቦታ ላይ ይጠራቀማል። ስለዚህ በትክክለኛው መቆንጠጫ አጥብቄ የጨመቅኩት ተርሚናል፣ በላዩም በሙቀት የሚጠብቅ ልባስ፣ ባትሪው ራስ ላይ ደግሞ ግሪስ አኖራለሁ። ጠብቆ የተያዘውን ስስበው ካልተንቀሳቀሰ ብቻ ወደሚቀጥለው አልፋለሁ።

ባትሪ ሲመረጥ ሶማሌ ተራ ርካሽ ሆኖ የሚገኘው የመኪና ባትሪ ያጓጓል። እርሱ ግን ለአፍታ ብዙ እንዲሰጥና ወዲያው መልሶ እንዲሞላ የተሠራ፣ ሳህኖቹ ቀጫጭን የሆኑ ባትሪ ነው። ቀኑን ሙሉ ቀስ በቀስ ሲጨርሱት ቶሎ ይሞታል። ለዚህ ሥራ የሚስማማው ለሶላር የሚሸጠው፣ ሳህኑ ወፍራም የሆነው ነው። እርሱንም ቢሆን ከግማሽ በታች ባያወርዱት ዕድሜ ይሰጣል። 100 አምፔር ሰዓት ከተጻፈበት 50ው የእኛ ነው፤ ይህም ፓምፑን ያለማቋረጥ ሦስት ሰዓት ገደማ ያሠራል። እጅ መርጫውን እየከፈተና እየዘጋ ስለሚሠራ በተግባር ለአንድ ቀን ይበቃል። ባትሪው አርፎ 12.7 ካነበበ ሙሉ ነው፤ ወደ 12.2 ሲወርድ ግማሽ ላይ ነው። ማታ ሳይሞላ ማደር የለበትም፤ ባዶ ሆኖ የሚያድር አሲድ ባትሪ ሳህኑ ይደነድናል። ሊቲየሙ ቀለል ይላል፤ ጠለቅ አድርጎም ይሰጣል፤ ነገር ግን የራሱን ቻርጀር ይፈልጋል።

ፓምፑ የራሱ የግፊት ማብሪያ አለው፤ መርጫው ሲዘጋ ይቆማል፣ ሲከፈት ይነሳል። መርጫው በከፊል ከተከፈተ ግን እየተነሳና እየቆመ ይንቀጠቀጣል፤ ማብሪያውም ያልቃል። ትንሽ የአየር ጋን ከመውጫው በኋላ ቢገባ ይህ ይረጋል። መግቢያው ላይ ደግሞ ወንፊት ግድ ነው። ብዙዎች የማያስቡት ከፍታችንን ነው። ለገዳዲ ከባሕር ወለል 2,400 ሜትር በላይ ስለሆነ የአየሩ ግፊት የባሕር ዳርቻው ሦስት አራተኛ ያህል ነው። በባሕር ዳርቻ መሳብ ውሃን እስከ 10 ሜትር ገደማ ሊያነሳ ሲችል፣ እዚህ ምርጡ ፓምፕ እንኳ 8 ሜትር አይሞላም፤ ሱሉልታ ላይ ከዚያም ያንሳል። ትንሹ ፓምፕማ ከዚህ በጣም ያነሰ ነው የሚችለው። ስለዚህ በርሜሉን ከፓምፑ ከፍ አድርጌ አስቀምጣለሁ፤ ውሃው ራሱ ይምጣለት። ወደ ላይ ለመግፋትም እያንዳንዱ 10 ሜትር 1 ባር እንደሚበላ አስቀድሜ አሰላለሁ።

በጋሪው ላይ ከሁሉ አጥብቄ የምለየው ባትሪውንና በረኪናውን ነው። የአሲድ ባትሪ ፈሳሽና በረኪና ከተገናኙ የክሎሪን ጋዝ ይወጣል፤ ክሎሪን ሳንባ የሚያቃጥል መርዝ ነው። ስለዚህ ባትሪው በራሱ ክዳን ባለው ሳጥን፣ አየር እያገኘ፣ በአንድ ጫፍ፤ በርሜሉ በሌላው ጫፍ ይቀመጣል። የሽንት ቤት አሲድም በዚያ ጋሪ ላይ አይጫንም።

ስለ ውሃው ዝም ብዬ ማለፍ አልችልም። የለገዳዲ ግድብ ከ1960ዎቹ መጀመሪያ ጀምሮ፣ ድሬ ደግሞ ከ1990ዎቹ መጀመሪያ ወዲህ አዲስ አበባን ያጠጣሉ፤ በቡራዩ በኩል ያለው ገፈርሳ ከሁለቱም ይቀድማል። እኛ የምናጥበው በዚያ ውሃ ተፋሰስ ላይ ነው። የሚጠጣ ውሃ በክሎሪን ሲታከም በአንድ ሊትር ውስጥ የሚቀረው ከአንድ ሚሊግራም በታች ይሆናል። ግድግዳ ላይ የምንረጨው 1 ከመቶ ድብልቅ ግን በሊትር 10,000 ሚሊግራም ነው። 5 ከመቶ ገደማ ከሆነው የቤት በረኪና አንድ እጅ፣ ውሃ አራት እጅ ማለት ነው። ያው መድኃኒት በመጠኑ ብቻ ሕይወት ይጠብቃል ወይም ያጠፋል። ስለዚህ የሚበቃውን ብቻ እበጠብጣለሁ፤ ዝናብ ባረገዘ ሰማይ ሥር አልረጭም፤ ፈሳሹን በአፈር ከልዬ ወደ ግቢው መሬት እመራለሁ እንጂ ወደ ጅረት አልለቅም።

አንዲት እናት በግቢያቸው ቆመው፣ «ልጄ፣ ጽጌረዳዬን እንዳትገድልብኝ» አሉኝ።

«አይዞዎት እማማ፤ መጀመሪያ እርሱን በንጹህ ውሃ አጠግበዋለሁ፤ ስጨርስም እንደገና አጥበዋለሁ» አልኳቸው። ውሃ የጠገበ ቅጠል በላዩ የሚያርፈውን ያን ያህል አይጠጣም። እንዲህ ያለው ጥያቄ ሲመጣ ደስ ይለኛል፤ ሥራውን ከግድግዳው ውጪም እንዳየው ያስገድደኛል።

ሁሉም ተገጥሞ ሲያልቅ ፓምፑን አስነስቼ፣ መርጫውን ከፍቼ፣ መጀመሪያ ባትሪው ላይ ቀጥሎ ፓምፑ ላይ ቮልት እለካለሁ። ልዩነቱ ከግማሽ ቮልት ካለፈ ሥራው አላለቀም። ገመዱን፣ ፊውዙን፣ ሪሌውን፣ መገጣጠሚያውን አንድ በአንድ እየለካሁ የሚበላውን ቦታ አገኛለሁ። ቮልት ሥራ ላይ ሳለ ካልተለካ ምንም አይናገርም፤ ፓምፑ ቆሞ ሲለካ የተበላሸውም ገመድ ሙሉ ቁጥር ያሳያል። ከሥራ በኋላ ደግሞ ንጹህ ውሃ በፓምፑ ውስጥ አሳልፌ አጥበዋለሁ፤ በረኪና ያደረበት ፓምፕ ጎማው ይበላል።

ይህን ሁሉ የምጽፈው ለግድግዳ ማጠቢያ ብቻ ብዬ አይደለም። የሶላር መብራት፣ የባትሪ ባጃጅ፣ የጀርባ መርጫ ሁሉ ከባትሪ በሚመጣ ቀጥተኛ ኤሌክትሪክ የሚሠሩ ናቸው። ቴክኒክና ሙያ ትምህርት ቤቶቻችን የ220ውን ገመድ መዘርጋት ሲያስተምሩ የዝቅተኛውን ቮልት ስሌትም በእኩል ክብር ያስተምሩ። ፓምፑ የሚገዛ ነገር ነው፤ ስሌቱና ጥንቃቄው ግን ከሰው ወደ ሰው ብቻ ይተላለፋል። መልቲሜትርና ብዕር ያለው ማንኛውም ወጣት ነገ ጠዋት በራሱ ጋሪ ላይ ሊጀምረው ይችላል።